ያቀረቀረ ሁሉ ውሸታም ነው?

«እስቲ ዓይን ዓይኔን እያየህ ንገረኝ» ሳይባል ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ያው ልጅ ግን ታላቁ ፊት ቀና ብሎ እንዳያይ ተነግሮታል፤ ትክ ብሎ ካየ «ዓይን አውጣ» ይባላል። ስለዚህ መሬት መሬት ያያል፣ የሹራቡን ጫፍ ያፍተለትላል፣ ምራቁን ይውጣል። ብርጭቆውን የሰበረችው ድመቷ ብትሆንም ሁኔታው ያው ነው።

ዓይኑን የሚያሸሽ ይዋሻል የሚለው እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ጥናት በ58 አገሮች «ውሸታም በምን ይታወቃል?» ብሎ ሲጠይቅ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው መልስ ይኸው ነበር። በዚያው ዓመት ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፓውሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች ፍርድ የሰጡባቸውን ሙከራዎች አንድ ላይ ሲያሰሉ፣ እውነትና ውሸት በትክክል የተለየው 54 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው 50 ያገኛል። ሥራቸው ውሸት ማደን የሆነ ሰዎችም ከሌላው አልበለጡም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ላብ፣ መንተባተብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚመሰክሩት ጭንቀትን ነው። ይነቃብኛል ብሎ የሚፈራና አያምኑኝም ብሎ የሚፈራ ሰው መልካቸው አንድ ነው። ፊት በማንበብ ስሙ የገነነው ፖል ኤክማን ራሱ ይህን «የኦቴሎ ስህተት» ብሎታል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» የተባለውን ተውኔት የሚያውቅ ያስታውሳል፦ ሚስቱ ዴዝዴሞና፣ ውሽማዋ ነው ብሎ የጠረጠረው ካሲዮ ሞተ መባሉን ሰምታ ስታለቅስ፣ ኦቴሎ እንባዋን የክህደቷ ማስረጃ አድርጎ ወሰደው።

ጉዳዩ በመድረክ ላይ አይቀርም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው ሪል አይዲ የተባለው ሕግ፣ የጥገኝነት ጥያቄ የሚያዩ ዳኞች የአመልካቹን ሁኔታና አኳኋን ጭምር አይተው ተዓማኒነቱን እንዲመዝኑ ይፈቅዳል። ማቀርቀርን ከእናቱ የተማረ ሰው፣ ያውም በአስተርጓሚ እየተናገረ፣ አክብሮቱ እንደ መደበቅ ሊቆጠርበት ይችላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው፤ እዚያ የሚሳሳት ፍርድ ሰውን ወደሸሸበት ይመልሳል።

የተሻለው መንገድ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ላይ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፔር አንደርሽ ግራንሃግና ባልደረቦቹ መርማሪው ያለውን ማስረጃ ቶሎ እንዳያወጣ ይመክራሉ፦ ተጠያቂው አስቀድሞ ታሪኩን ሙሉ ይናገር፣ ከዚያ ቃሉ ከማስረጃው ጋር ይስተያይ። እንግሊዝ አገር የሚሠራው ሌላው ተመራማሪ አልደርት ቭሪይ ደግሞ ተጠያቂው ያልተዘጋጀበትን ጥያቄ መጠየቅ ይጠቅማል ይላል። ልጁንም ቢሆን «ብርጭቆው የት ነበር የተቀመጠው? ድመቷስ በየት ገባች?» ብሎ ጠይቆ፣ ተነስቶ መስኮቱን ማየት ይቻላል።