ያውቁ ኖሯል? ዓሣ ከሣሩ ጠርዝ አይርቅም

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ደንገልና ፊላ ይዞታል። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ የሚለቅመው አልጌም፣ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት ጥላም እዚያ አለ። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

ታዲያ መንጠቆ የሚጣለው ጥቅጥቁ መሐል ሳይሆን ሣሩና ገላጣው ውኃ በሚገናኙበት ጠርዝ ነው። መሐሉ ላይ ክሩ ይጠላለፋል። ዕፅዋቱም ሌሊት ኦክስጅን ስለሚሻሙ ጎህ ሲቀድ ውኃው ይታፈናል።

አምባዛ ግን ለዚህ ደንታ የለውም። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል ስላለው ብቅ ብሎ አየር ጎርሶ ይመለሳል። በድፍርስ ውኃና በጨለማ ደግሞ በ8 ሪዞቹ እየዳሰሰ ምግቡን ያገኛል። ትል ሰክቶ ከመሸ በኋላ የጠበቀው ሰው አያፍርም።

እምቦጭ የተባለው አረም ሌላ ጣጣ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተንጣሎ ብርሃን ይከለክላል፤ ታንኳም አያሳልፍም።

የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ላይ መበተንስ? የቆየ ዘዴ ነው፤ ዓሣውን አፍዝዞ ያንሳፍፋል። ሮቴኖን የተባለው መርዙ ግን ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ ጫጩቱንም አብሮ ይፈጃል። እባክዎ ብርብራውን ይተዉት፤ መንጠቆ ይበቃል።