የሙሽሮችን ስም በቪዲዮ ላይ ያሰፈረው የድሮ ኮምፒዩተር፦ ተረትና እውነታ

በመቱም ሆነ በዳሪሙ ዛሬ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ባለሙያ የሙሽሮቹን ስም በምስሉ ላይ የሚያሰፍረው፣ የተቀረጸው ሁሉ ፋይል ሆኖ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በካሴት ዘመንም ሥራው እንዲሁ ይከናወን የነበረ የሚመስለው ሰው በዚህ ምክንያት ብዙ ነው፤ ይህ ግምት ግን እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውና ለዚህ ሥራ ስመ ጥር የሆነው ኮሞዶር አሚጋ ሲመረመር አይጸናም።

ተረት፦ ቪዲዮው ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ ከጽሑፉ ጋር ይዋሐዳል።

እውነታ፦ ቪዲዮው የኮምፒዩተሩን ደጃፍ እንኳ አይረግጥም። የመጀመሪያው አሚጋ አብሮት የመጣው ማህደረ ትውስታ 256 ኪሎባይት ሲሆን፣ አንድ የቴሌቪዥን ምስል በስቱዲዮ ልክ ወደ ዲጂታል ቢለወጥ ከ800 ኪሎባይት በላይ ይይዛል። ቪዲዮውና ጽሑፉ የሚገናኙት ጌንሎክ በሚባል፣ ከኮምፒዩተሩ የምስል መውጫ ላይ በሚሰካ ሣጥን ውስጥ ነው፤ በዚያ ያለ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ለምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ ወይ የካሴቱን ወይ የኮምፒዩተሩን ምስል ያሳልፋል። ምርጫውን የሚነግረው ከአሚጋ የሚወጣ አንድ ሽቦ ሲሆን፣ ነጥቡ የቀለም ቁጥር 0 በሆነ ጊዜ ቪዲዮው እንዲታይ ያደርጋል።

ጥቁር ቀለም ሁሉ ቪዲዮውን ያሳያል የሚባለውም ከዚሁ የመነጨ ስሕተት ነው፤ ወሳኙ መልኩ ሳይሆን ቁጥሩ ነውና፣ በሌላ ቁጥር የተቀባ ጥቁር ቪዲዮውን ይሸፍናል፤ የፊደል ጥላም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን አይቶ ከዚያ በፊት በቪዲዮ ላይ አማርኛ ሊጻፍ አይችልም ነበር የሚልም ይሳሳታል፤ ማሽኑ በስክሪኑ ላይ የሚያየው ነጥብ እንጂ ፊደል ባለመሆኑ፣ «ሀ» በሥዕል መልክ ከተሣለ ይበቃው ነበር።

ተረት፦ ኮምፒዩተሩ ቪዲዮውን ያዛል።

እውነታ፦ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሊታወቅ የሚገባው ዋናው ጉዳይም ይኸው ነው። በካሴት ዘመን ኢትዮጵያ ትጠቀምበት በነበረው፣ ፓል በተባለው ሥርዓት ምስሉ በ625 መስመሮች ተከፍሎ በሰከንድ 25 ጊዜ የሚታደስ በመሆኑ፣ የካሴቱ መስመርና የኮምፒዩተሩ መስመር በአንድ ቅጽበት ካልጀመሩ ጽሑፉ ይንሸራተታል። ካሴቱ ለኮምፒዩተር ስለማይታዘዝ ኮምፒዩተሩ ይከተለዋል፤ ፕሮግራሙ በአንድ ሬጅስተር፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት የቺፕ ማስቀመጫ፣ አንዲት ቢት ሲለውጥ የማመሳሰያ ምት ይልኩ የነበሩት የቺፑ እግሮች ምት ተቀባይ ይሆናሉ። ጌንሎኩ ከዚህም አልፎ የማሽኑን ዋና የሰዓት ምት፣ በሰከንድ 28 ሚሊዮን ያህል ጊዜ የሚመታውን፣ ራሱ ይሰጣል፤ ፕሮሰሰሩም የሚሠራው ይህ ምት ለ4 ተካፍሎ በመሆኑ፣ ስሌቱ ሁሉ ሳይቀር ከውጭ በመጣ ምት ይመራል።

ምቱ ከተቋረጠም ማሽኑ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ጌንሎክ እንደተሰካበት ድርቅ ያለ አሚጋ የገጠመው ሰው፣ ኮምፒዩተሩን ከመፍታቱ በፊት አጥፍቶ ሣጥኑን ይንቀል።