ጥሪቱ ሳያልቅ መርዳት እንዴት ይቻላል?

ከባቱ (ዝዋይ) ወደ ሐዋሳ የሚጓዝ ሰው ቡልቡላ ከተማ ሲደርስ የሚያገኘው ወንዝ የዝዋይ ሐይቅ ትርፍ ነው። ሐይቁን መቂና ከታር ይሞሉታል፤ ፀሐይ ታተነዋለች፤ የተረፈው በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይወርዳል። ስለ በጎ አድራጎት ገንዘብ ልንጽፍ ተነሥተን ከሐይቅ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። ተማሪ ለማስተማር ወይም ክሊኒክ ለማቆም ተብሎ የሚቀመጥ ጥሪትም እንዲሁ ነውና። ገቢው መቂ ነው፤ ወጪው ቡልቡላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋት ፀሐይ ደግሞ የዋጋ መናር ናት። ታችኛው አብያታ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ ሸሽቷል፤ ከላይ ለመስኖ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ተቀድቶበታል።

እንበልና የቡልቡላ ተወላጆች ተዋጥተው ለድኻ ተማሪዎች መርጃ 1,000,000 ብር ባንክ አስቀመጡ። በ7 በመቶ ወለድ በዓመት 70,000 ብር ይገኛል። ኮሚቴው «ዋናውን አልነካንም» ብሎ ወለዱን በሙሉ ቢሰጥ የሚወቅሰው የለም። ይሁን እንጂ ዋጋ በየዓመቱ በ15 በመቶ ቢጨምር፣ ያ ያልተነካ ሚሊዮን ከ5 ዓመት በኋላ የሚገዛው ዛሬ ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ የሚረዱት ተማሪዎች ግን በግማሽ ቀንሰዋል። 15 በመቶ ያልነውም ለምሳሌ ነው እንጂ በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር።

ፈረንጆቹም ከዚህ አላመለጡም። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ሀብቱ በአስተማማኝ ሰነድ ላይ እንዲውል ተናዞ ነበር፤ ባላደራዎቹም ቃሉን በጊዜው ልማድ ተርጉመው በቦንድና በብድር ላይ አዋሉት። የሽልማቱ የመግዛት ኃይል ለብዙ ዓመታት ከመነሻው በታች ወርዶ ቆየ። አክሲዮን እንደ ልብ ለመግዛት የተፈቀደላቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጥሪቱን ለማቆየት ሲሉ ሽልማቱን ከ10 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ክሮነር ቀነሱ። እኛ ይበልጥ የምናደንቀው ይህንን ነው፤ ዓለም እያየ ስጦታን መቀነስ ድፍረት ይጠይቃልና።

አክሲዮን ይገዛ ብለን ብቻ አናልፍም። በአገራችን እጅግ የቆየው የዚህ ዐይነት ጥሪት የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር፤ ቀዳሹ የሚኖረው፣ ጧፉና ዕጣኑ የሚገዛው ከእርሱ ነው። ከመሬት የበለጠ የታመነ ሀብት አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በዐዋጅ ሲወረስ፣ የመሬቱም የኪራዩም ገቢ በአምስት ወር ውስጥ ቆመ። ስለ ዐዋጁ ፍትሕ እዚህ አንከራከርም፤ «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎች ነበሩና። የምንለው ሀብት ሁሉ በአንድ ቦታ አይከማች ነው። ዛሬ ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለገቢ ብለው በንግድና በኢንቨስትመንት እንዲሠማሩ ይፈቅዳል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። እንግዲህ ለቅርብ ወጪ የሚሆነው በባንክ፣ የቀረው በግምጃ ቤት ሰነድ፣ በኪራይ ቤትና በአክሲዮን ቢከፋፈል ይሻላል።

ወጪውስ? ኮሚቴ ሁሉ በጥጋብ ዓመት ለጋስ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር ያሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡትን የሚወስኑት በአንድ ዓመት ሀብት ሳይሆን በብዙ ዓመታት አማካይ ነው። ጥሪቱ በሦስት ዓመት 900,000፣ 1,000,000 እና 1,100,000 ብር ቢሆን አማካዩ አንድ ሚሊዮን ነው፤ 4 በመቶው 40,000 ይሆናል። በአራተኛው ዓመት ጥሪቱ ወደ 700,000 ቢወድቅ እንኳ የሚሰጠው 37,333 ብር ነው። ትምህርት የጀመረ ልጅ በመካከሉ አይባረርም።

«ዛሬ የተራበ ተማሪ እያለ ለነገው ማስቀመጥ ምን ይባላል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጄምስ ቶቢን በ1974 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው ባላደራ የሚጠብቀው ገና ያልመጣውን ትውልድ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ትንሽ፣ ንረቱም የማይቻል ከሆነ፣ ዘላለማዊ ነኝ እያሉ በፀሐይ ከመትነን በ10 ዓመት ውስጥ ሁሉንም አውጥቶ ለመጨረስ መወሰንና ይህንኑ ከመጀመሪያው በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ መጻፍ የበለጠ ሐቀኝነት ይመስለናል።