«ዘላቂነት» እና ባለቤቱ፦ በጭነት ትራንስፖርት ውሎች ውስጥ የአንድ ስያሜ ሰዋስው

በጭነት ትራንስፖርት የአቅርቦት ሰንሰለት ውስጥ የዘላቂነት አስተዳደር የሚባለው፣ አስመጪው፣ ትራንዚተሩና ባለተሽከርካሪው የነዳጅ ፍጆታን፣ የጭስ ልቀትንና የሠራተኛን ደኅንነት በጋራ የሚቈጣጠሩበት አሠራር ነው። ስያሜው «ዘለቀ» ከተሰኘው ኢተሻጋሪ ግስ የወጣ በመሆኑ ሁኔታን እንጂ አድራጊን አያመለክትም። የኪስዋሂሊው «ኡኤንዴሌቩ»ም የተገኘው «ኤንዴሌአ» (ቀጠለ) ከሚለው ግስ እንጂ ከአስደራጊው «ኤንዴሌዛ» አይደለም። አማርኛም «አዘለቀ» እያለው ለስያሜው አልተጠቀመበትም።

ጉዳዩ በጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ጎልቶ ይታያል። ኢትዮጵያ ከምትልከው ጭነት የምታስገባው እጅግ ስለሚበልጥ በርካታ ከባድ ተሽከርካሪዎች ወደ ወደቡ የሚወርዱት ባዷቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው አይኤስኦ 14083 መለኪያ የባዶ ጉዞ ልቀት በስሌት እንዲካተት ይጠይቃል። ውል ግን «ዘላቂነት ይረጋገጣል» ብሎ በተደራጊ ግስ ሲያልፍ፣ ዐረፍተ ነገሩም ኃላፊነቱም አድራጊ ያጣሉ፤ ሸክሙም የመደራደር ዐቅም ባነሰው ወገን ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ሌላ ስያሜ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤት መስጠት ነው፦ «ባለተሽከርካሪው የነዳጁን መጠን ይመዘግባል፤ አስመጪው የባዶውን ጉዞ ልቀት በስሌቱ ያካትታል።»