የሞተ ሊቲየም በኒኬል አይነሳም

ልጆች ሳለን የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይሰጣ ነበር። ያ ካልበቃው ደግሞ በጥርስ ይነከሳል። ማታ የዜና ሰዓት ሲደርስ ሬዲዮው ይናገራል። ስለዚህ «የሞተ ባትሪ ይነሳል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አልስቅበትም፤ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ምክንያትም ነበረው። ያ የዚንክና የካርቦን ድንጋይ ሲያርፍና ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ትንሽ ይላወሳል፤ የቀረችውን ጭላጭ አሟጦ ይሰጣል።

ጉዱ የመጣው ይህ እምነት ድንጋዩን ትቶ ሊቲየም ላይ ሲወጣ ነው።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን የእማማን የእጅ ባትሪ ይዤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ወዳሉት የጥገና ሱቆች ወረድኩ። መብራት ሲፈልግ እየመጣ ሲፈልግ በሚሄድበት ሰፈር የእጅ ባትሪ ከቤተሰብ ይቆጠራል። ሠሪው ልጅ እጁ ፈጣን ነው። ከውስጧ አንዲት ሴል አወጣ፤ ውፍረቷ 18 ሚሊሜትር፣ ቁመቷ 65፣ 18650 የምትባለዋ። ቴስተሩን ነካ አደረገባት። 0.9 ቮልት። ከዚያ ጠረጴዛው ጥግ ከተቀመጠች ትንሽ ሣጥን ጋር በቀይና በጥቁር ገመድ አያያዛት።

ሣጥኗን የጥገና ሱቅ ያየ ሁሉ ያውቃታል። አይማክስ ቢ6 ትባላለች፤ ወይም ከብዙ ኮፒዎቿ አንዷ ናት። የተሠራችው በሬሞት የሚበሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችንና የሚነዱ መኪናዎችን መዝናኛቸው ላደረጉ ሰዎች ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የጠጋኝ ዕቃ ሆናለች። ሊቲየሙንም፣ ኒኬሉንም፣ የመኪናውን የእርሳስ ባትሪም ትሞላለች። የተሰካባት የትኛው እንደሆነ ግን ራሷ አታውቅም። መንገር የእኛ ድርሻ ነው።

ልጁ ሊቲየም ላይ አድርጎ ሲያስጀምራት ጮኸች። ቮልቴጁ ከልክ በታች ነው፣ አልሞላም አለች። እሱ ምንም አልመሰለው። አዝራሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫነና ኒኬል ላይ አደረጋት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ካላታለሏት እሺ አትልም» አለኝ። «ትንሽ ከረንት ስታገኝ ትነሳለች።»

ተነሳችም። ብዙ ደቂቃ ሳይሞላ 3 ቮልት አለፈች። ሂሳቡን ከፍዬ ወጣሁ። ይህ ነገር እንደማይደረግ አውቅ ነበር፤ ግን የሰው እንጀራ ላይ አፌን ማስገባት ከበደኝና ዝም አልኩ። በሦስተኛው ሌሊት እማማ በሬን ደበደቡ። የእጅ ባትሪዋ ቻርጅ እንደተሰካች ፈንድታ የፕላስቲኩን ጠረጴዛ አቅልጣለች፤ መጋረጃውንም ይዛዋለች። ሰው አልተጎዳም። ይህን የምጽፈው ግን ለዚያ ዝምታዬ ካሳ ነው።

ለልጁ ፍትሕ ልስጥ። የሚናገረው ግማሹ እውነት ነው። ብዙ የሊቲየም ባትሪዎች ጫፋቸው ላይ ጠጋኞች ቢኤምኤስ የሚሏት ጠባቂ ቦርድ አለቻቸው። ሴሉ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ቦርዷ በሩን ትዘጋለች፤ ቴስተሩ ዜሮ ያሳያል፣ ውስጡ ያለው ሴል ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ትንሽ ከረንት ቢነካት በሩ ይከፈታል፤ ባትሪውም በጤናው ይቀጥላል። ጥሩ ቻርጀሮችም የወረደ ሴል ሲያገኙ 3 ቮልት እስኪጠጋ ድረስ ከመደበኛው ከረንት አንድ አሥረኛ ያህሉን እየሰጡ ያስታምሙታል። ስለዚህ ልጁ «ስንቱን አንስቻለሁ» ቢል ውሸት አይደለም።

የሚያጠፋው ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው የሴሉ ጉዳት ነው። በሊቲየም ሴል ውስጥ የኔጌቲቩ ወገን የተለበጠው በስስ የመዳብ ቅጠል ላይ ነው። ሴሉ ያለልክ ሲወርድ፣ በተለይም እንደዚያው ሳምንታት ሲቆይ፣ መዳቡ ይሟሟል። እንደገና ሲሞላ የሟሟው መዳብ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ባልተጠራበት ይጋገራል፣ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ሁለቱን ወገኖች የሚለየውን ስስ ፕላስቲክ ሊወጋው ይችላል። ሲወጋው ሾርት ነው። መርፌው ደግሞ የሚያድገው ቀስ እያለ ነው። ለዚህ ነው ሴሉ ሱቁ ውስጥ ሳይቃጠል እማማ ቤት የተቃጠለው። ሠሪው አያየውም፤ ስላላየም ነገም ይደግመዋል። መርፌ ሲበቅል ምን እንደሚያመጣ ሊቃውንቱም ያውቁታል። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኤክሶን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን እንደገና የሚሞሉ የሊቲየም ባትሪዎች ሲሞክር፣ በእነዚያ ውስጥ የሚበቅለው የሊቲየሙ መርፌ ራሱ ነበር፤ ቤተ ሙከራውም የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ደጋግሞ ይጠራ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ለሊቲየም ባትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሣጥኗን «ማታለሉ» ነው። ኒኬል ሲሞላ መሞላቱን በራሱ ይናገራል። ይሞቅና ቮልቴጁ ጥቂት ሺሕኛ ቮልት ወደ ታች ዝቅ ይላል። በኒኬል በኩል የተሠራው ፕሮግራም የሚጠብቀው ይህችን መውረድ ነው፤ ሲያያት ያቆማል። ሊቲየም እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። የተለመደው ሴል 4.2 ቮልት ላይ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ከረንቱ እየቀነሰ ሄዶ ያበቃል። ኒኬል ላይ የተደረገች ሣጥን ግን 4.2ን አታውቅም። መውረድን እየጠበቀች 4.3፣ 4.5 እያለች ትገፋለች። ልጁ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሞ ቢያይ 3 ቮልት ላይ ያወልቃታል። መሀል ላይ ደንበኛ ከጠራውስ? ማኪያቶ ሊጠጣ ከወጣስ? እርግጥ ሣጥኗ የሰዓት ቆጣሪ አላት። ነገር ግን በ2 ሰዓት የሚያቆም ቆጣሪ በ1 አምፔር 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት አሳልፎ ነው የሚያቆመው፤ ለአንዲት የደከመች ሴል ይህ ከመጥገብም አልፎ መፈንዳት ነው።

የሚነሳውንና የማይነካውን ሴል የሚለየው መስመር የት ላይ ነው ቢባል ከአምራች አምራች ይለያያል። እኔ የራሴን 2 ቮልት ላይ አስምሬያለሁ። ቦርዷን አልፌ ሴሉን ራሱን ስለካ ከዚያ በታች ካገኘሁት ለሳምንት የተቀመጠም ሆነ ትናንት የወረደ አልነካውም።

ከሁሉ የሚያናድዱኝ «የሞተ ባትሪ በ2 ደቂቃ» እያሉ በስልክ ቪዲዮ የሚያስተምሩት ናቸው። ቪዲዮው ሴሉ 3 ቮልት ሲደርስ በሙዚቃ ያልቃል። ሦስተኛውን ሌሊት የሚቀርጽ የለም። ልጁ ቢያንስ እንጀራ ነው የሚጋግረው፤ እነዚህ የሚሰበስቡት ላይክ ነው።

ለማምታታት የሚረዳቸው አንድ ነገር አለ። የቤት ገመድ አልባ ስልክ ባትሪ ላይ 3.6 ቮልት ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ሊቲየም ሴል ላይም 3.6። የመጀመሪያው ባለ 1.2 ቮልት ሦስት ኒኬሎች የተቀጣጠሉበት ነው፤ ሁለተኛው አንድ ሴል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ይባስ ብሎ በብዙ የሶላር መብራቶች ውስጥ ያለው ብረትና ፎስፌት ያለበት ሊቲየም 3.2 ተብሎ ተጽፎበት 3.65 ላይ ይሞላል። በአንዳንድ ስልኮች ያለው ደግሞ እስከ 4.35 እና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ሣጥኗን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። ወረቀቱ ከተላጠና ምን እንደሆነ ካልታወቀ አትሰኩት።

ሌሎቹን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ ልጨርሳቸው።

ስልክ ባትሪው አልቆ ካልጠፋ አይሰካም ይባላል። ይህ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ጠባይ ነበር። የሞባይል አገልግሎት አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ በነበሩት ቀፎዎች ብዙዎቹ ላይ ኒኬል ስለነበር ምክሩ ከእነሱ ጋር አብሮ ቀረ። (ሶኒ ሊቲየምን ለገበያ ያቀረበውም በ1991 ነው፤ በፈረንጆቹ። ቁጥሩ ገጠመ እንጂ ዘመኑ አልገጠመም።) ሊቲየም የሚወደው ተቃራኒውን ነው፤ ባዶ እስኪሆን አይጠበቅም። አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ይሰካ የሚሉትም ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው። የዛሬው ስልክ ሲሞላ ራሱ ያቆማል፤ ቀሪውን ሰዓት ዝም ብሎ ተሰክቶ ነው የሚያድረው።

ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ የስልክ ባትሪ አይታደስም። ሲወጣ ላብ ይይዘዋል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች እንደቀዘቀዘ ቢሰካ ደግሞ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ ይለበጣል፤ ያም መጨረሻው መርፌ ነው።

የእጅ ባትሪ ሴል ላይ የሚጻፈው «9900» ሚሊአምፔር-ሰዓት ቀልድ ነው። ስም ያላቸው አምራቾች በዚያው ቁመትና ውፍረት ለዓመታት የደረሱበት 3500 ገደማ ነው። ቀልዱ አደገኛ የሚሆነው ሣጥኗ ላይ ከረንቱን በዚያ ቁጥር የሞላችሁ ቀን ነው። ልኩ ትክክለኛው መጠን 2200 ለሆነ ሴል ከ2.2 አምፔር አለማለፍ ነው፤ ለአሮጌ ደግሞ ግማሹም ይበቃዋል።

ሣጥኗ ላይ ያለችው ነጯ የባላንስ ሶኬት ትርፍ ናት የሚሉ አሉ። ከላፕቶፕ የወጡ ሦስት ሴሎች ተቀጥለው 12.6 ቮልት ሲሉ ሦስቱም 4.2 ላይ ናቸው ማለት አይደለም፤ አንዱ 4.0፣ አንዱ 4.4 ሊሆን ይችላል። ያን የምታየው ነጯ ሶኬት ብቻ ናት። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከታገደበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄደው እየበዛ ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ባትሪ ውስጥ ያሉት ሴሎች ሦስት ብቻ አይደሉም፤ እዚያ ላይ «ትርፍ ናት» ማለት ቤት ማቃጠል ነው።

ሊቲየም ሲቃጠል ውሃ አይነካውም የሚባለውም በስልክና በእጅ ባትሪ መጠን ላሉት ልክ አይደለም። መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀላል፤ ከዚያ ውሃ ያቀዘቅዘዋል። የአውሮፕላን አስተናጋጆችም የሚሠለጥኑት እንዲሁ ነው። የሚያስፈራው ጭሱ ነው፤ መርዝ አለበት፣ ቤቱን ለቃችሁ ውጡ።

ወደ ልጁ ሱቅ ተመልሼ ሄጄ ነበር። የእማማን ጠረጴዛ ፎቶ አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም፤ ቴስተሩን አንስቶ መሳቢያው ውስጥ ያጠራቀማቸውን ሴሎች አንድ በአንድ መለካት ጀመረ፤ ከ2 በታች የሆኑትን ለብቻ አደረጋቸው። 7 ነበሩ።

እናንተም ቤታችሁ ያበጠ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ የወጣ ወይም «ተነስቶ» የመጣ ሊቲየም ካለ ዛሬ ማታ አትሰኩት። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አርቁት፤ ከቆሻሻ ጋርም አትጣሉት። እሳቱ ከቀደማችሁ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስልክ 939 ነው።