የወገብ ዲስክ መንሸራተት፦ የሕክምና አማራጮችና አመራረጣቸው

መግቢያ

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚገኘው ዲስክ ጠንካራ ቀለበት መሰል ሽፋንና ለስላሳ የውስጥ ክፍል አለው። ሽፋኑ ሲሰነጠቅ የውስጡ ክፍል ወደ ውጭ ወጥቶ በአቅራቢያው ያለውን የነርቭ ሥር ይጫናል፤ ነርቡም እንዲቆጣ ያደርጋል። በተለምዶ «የዲስክ መንሸራተት» ይባል እንጂ ዲስኩ በሙሉ ከቦታው አይለቅም። ይህን ለታካሚው ማስረዳት ከሕክምናው የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ ፍርሃት ታካሚውን ከአልጋ ሊያውለው ይችላልና።

ምርመራ

አብዛኛው የወገብ ዲስክ ችግር የሚከሠተው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ሕመሙ ከወገብ ይልቅ በእግር ላይ ይበረታል፤ በመቀመጫ በኩል ከጉልበት በታች ይወርዳል። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩ ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ሲነሣ ይኸው የእግር ሕመም ከተቀሰቀሰ ጥርጣሬው ይጠናከራል። በተረከዝና በእግር ጣት መራመድ መቻሉም ሊታይ ይገባል።

የኤም.አር.አይ. ውጤት ብቻውን ሕክምናን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነ ጥናት የወገብ ሕመም ከሌላቸው 98 ሰዎች መካከል 52 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም በዕረፍት የማይሻል የሌሊት ሕመም ካለ በአገራችን የአከርካሪ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ፣ እንዲሁም ካንሰር መታሰብ አለባቸው።

ያለ ቀዶ ሕክምና

ብዙዎቹ ታካሚዎች ከ6 እስከ 12 ሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል፤ የወጣውንም የዲስክ ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊያስወግደው ይችላል። ረዥም የአልጋ ዕረፍት አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ1999 በ183 ታካሚዎች ላይ የቀረበ የኔዘርላንድስ ጥናት ሁለት ሳምንት መተኛት የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ስለዚህ ታካሚው በሚችለው መጠን እንዲንቀሳቀስ ማበረታታትና ፊዚዮቴራፒ ማግኘት የሚችልበትን መንገድ ማመቻቸት ይገባል።

እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች መጠነኛ ማስታገሻ ናቸው፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት በሽታ ወይም የደም ግፊት ላለበት ሰው ሲታዘዙ ጥንቃቄ ያሻል። ፕሪጋባሊን እ.ኤ.አ. በ2017 በቀረበ ጥናት ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። በአከርካሪ ቦይ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ለአጭር ጊዜ ጥቂት እፎይታ ሊያስገኝ ይችላል። የእግር ድካም ያለበት ታካሚ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ወገቡን በኃይል እንዳያሳሽ ሊመከር ይገባል።

ቀዶ ሕክምና

የዲስክ ቀዶ ሕክምና በስፋት የታወቀው ሚክስተርና ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ዛሬ በአነስተኛ ቀዳዳ፣ በማይክሮስኮፕ በመታገዝ ይሠራል። ዋና ጥቅሙ ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣና 283 ታካሚዎችን ያሳተፈ የኔዘርላንድስ ጥናት ቀደም ብለው የተሠሩት ቶሎ እንደተሻላቸው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ያህሉ እንደዳኑ አረጋግጧል። ሆኖም ለመጠበቅ ከተመደቡት 39 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

ስለዚህ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ተጠብቆ የእግር ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ምስሉም ከምልክቱ ጋር ከተስማማ፣ ቀዶ ሕክምና ተገቢ አማራጭ ነው። ኢንፌክሽን፣ የነርቭ ሽፋን መቀደድና የችግሩ መመለስ ሊያጋጥሙ እንደሚችሉ ለታካሚው አስቀድሞ ይነገረዋል። የጡንቻ ድካም እየባሰ ከሄደ ግን መጠበቅ አይገባም።

የማይዘገይ ሁኔታ

ሽንት መሽናት አለመቻል ወይም መቆጣጠር አለመቻል፣ ሰገራ ማምለጥ፣ በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ መደንዘዝ፣ የሁለቱም እግሮች መድከም የኮዳ ኢኳይና ምልክቶች ናቸው። እንዲህ ያለው ታካሚ በዚያው ዕለት የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መላክ አለበት፤ መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያስከትላል። ታካሚዎች አፍረው ስለማይናገሩት ባለሙያው ስለ ሽንትና ሰገራ ራሱ መጠየቅ ይኖርበታል። ሌላው ታካሚም ወደ ቤቱ ሲሸኝ እነዚህን ምልክቶች ካየ ሳይውል ሳያድር እንዲመለስ ሊነገረው ይገባል።