ቡናው ሲሸፈን ሠራተኛውስ? ወንዶችና ከፀሐይ ጨረር የሚደረግ ጥንቃቄ

የታጠበ ቡና በአልጋ ላይ ሲደርቅ እኩለ ቀን ላይ ይሸፈናል። ኃይለኛ ፀሐይ ገለባውን ስለሚሰነጥቀውና ጥራቱን ስለሚቀንሰው፣ ሸራ ወይም ጨርቅ ለብሶ የፀሐዩን ብርታት ያሳልፋል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ይህንን የማያውቅ የቡና ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። ቡናውን የሸፈነው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ራሱን ሳይሸፍን እዚያው ይውላል።

የደቡብ ምዕራብ ቡና በዋንዛ፣ በሰሳና በብርብራ ጥላ ሥር የሚያድግ በመሆኑ፣ በጫካው ውስጥ የሚለቅመውም ሰው ከጥላው ተካፋይ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ጥላው ሲያበቃ ነው፤ በማድረቂያው ሜዳ፣ በመንገድና በግንባታ ሥራ፣ በሞተር ብስክሌት ላይ። በእነዚህ ሥራዎች ከሚሰማሩት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ለፀሐይ ጃንጥላ መያዝ ወይም ነጠላ መከናነብ ደግሞ የሴት ወግ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ወንዱ ፀሐይን መቻል የጥንካሬ ምልክት ይመስለዋል።

አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በቀሩትም ወራት ቢሆን ከፍ ብላ ትውላለች። ጉዳት የሚያደርሰው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር በዓይን አይታይም፣ ሙቀቱም አይሰማም። ስስ ደመናም አብዛኛውን ያሳልፈዋል። በሚዛን እንደሚዘወተረው ሰማዩ ደመናማና አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብቻ ጨረሩ የለም ማለት አይቻልም።

ጠቆር ያለ ቆዳ ሜላኒን በተባለው ቀለም ምክንያት ከፍተኛ የተፈጥሮ መከላከያ አለው። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም ነጣ ያለ ቆዳ ካላቸው ሰዎች ይልቅ በእጅጉ ያነሰ ነው። ይህ እውነት ሊሸሸግ አይገባም። ሜላኒን ግን ዓይንን አይሸፍንም። ለረጅም ዓመታት ለጨረር መጋለጥ ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ የዓይን ሞራ በኢትዮጵያ ለዓይነ ሥውርነት ቀዳሚው መንስኤ ነው። በፊትና በከንፈር ላይ የሚወጣ ጥቁረትም በፀሐይ ይባባሳል። አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ጉዳዩ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የቀለሙ ጋሻ ስለሌላቸው ገና በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር ሊያዙ ይችላሉ። አባወራው የራሱን ባርኔጣ ሲያስብ፣ አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ካለው የልጁን ሊያስቀድም ይገባል።

ጥንቃቄው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ጨረሩ የሚበረታበት በመሆኑ፣ ከባዱን የሜዳ ሥራ ወደ ጠዋት ማምጣት ወይም በማድረቂያው አጠገብ ዳስ መጣል ይቻላል። ሰዓት የሌለው ሰው ጥላውን ይመልከት፤ ከቁመቱ ካጠረ ጨረሩ በርትቷል። ተራ ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን ስለማይሸፍን ዙሪያው ሰፊ ባርኔጣ ይመረጣል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ ከማንኛውም ቅባት በላይ ይጠብቃል። ቅቤና ቫዝሊን ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ ጨረር አያግዱም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚጠቀም ሰው መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መርጦ በየሁለት ሰዓቱ መቀባት ይኖርበታል። መነጽርም ጨረር የሚያግድ መሆን አለበት፤ የመስታወቱ ጥቁረት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የቆዳ ካንሰር ሁሉ ከፀሐይ የሚመጣ አይደለም። ቦብ ማርሊ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ያረፈው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነበር። ስለሆነም በውስጥ እግር ወይም በጥፍር ሥር የታየ አዲስ ጥቁር ምልክት፣ በቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣ ቁስል፣ በአንድ ወር ውስጥ ያልዳነ ወይም በቀላሉ የሚደማ የከንፈር ቁስል ሲኖር፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ በአቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ሊታይ ይገባል፤ ጤና ጣቢያውም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ወደ ሆስፒታል ይልካል።